ቁጥሩን ወደ ሆዴ ያዞረችው ነርስ

በሜትር ማንም አይችለኝም ነበር። ቀን ፋርመርስ ብራንች የሚባል የአሜሪካ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ የሥራ ልብስ እሰፋለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ ሜስኪት ከተማ ያለው ቤታችን ድረስ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ለልክ ይመጡብኛል። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ክሊኒክ ስሄድ፣ ነርሷ ከኪሷ ሜትር ስታወጣ ሳቄ መጣ። እንጀራዬን ይዛ መጣችብኝ!

ከሆዴ ግርጌ ካለው አጥንት ተነስታ ማህፀኔ እስከሚያበቃበት ትለካለች። ሴንቲሜትሩ ከእርግዝናው ሳምንት ጋር ይቀራረባል፤ ብዙ ካነሰ ልጁ በደንብ እያደገ ላይሆን ይችላል አለችኝ። እኔን የገረመኝ ሜትሩን ገልብጣ፣ ቁጥሩን ወደ ሆዴ አዙራ መለካቷ ነው። እንዲህ የሚለካ ሰው አይቼ አላውቅም። ለምን እንደሆነ ልጠይቃት ስል "ሃያ ሰባት" አለች። ሠላሳኛ ሳምንቴ ነበር። ለአልትራሳውንድ ቀጠረችኝ።

ቤት ገብቼ በራሴ ሜትር ለካሁ። ሠላሳ! በማግስቱም ሠላሳ።

"ቁጥሩን ሳታይ ለክታ ነው የተሳሳተችው" አልኩት ለባሌ።

"ሶ ቀጠሮውን ካንስል እናድርገዋ" አለ። "ማለቴ፣ እኔም ከሥራ ኦፍ አልጠይቅም።"

እሺ ልለው ነበር። ግን ያ የተገለበጠ ሜትር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። አንድ ነገር ካልገባኝ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ተፈጥሮዬ ነው። መኝታ ቤት ገብቼ ተጋደምኩና እንደ እሷ ቁጥሩን ወደ ሆዴ አዙሬ ለካሁ። ጫፉን በጥፍሬ ይዤ ገልብጬ አየሁት፤ ሃያ ሰባት። ደገምኩት፤ ያው ሃያ ሰባት። ቁጥሩን ወደ ላይ አድርጌ ስለካ ግን ሠላሳ። ለካስ ቁጥሩን ሳይ እጄ ሜትሩን ያላላል፣ ጣቴም ሠላሳ ላይ እስክትደርስ ሽቅብ ትሄዳለች። ለመዘምራኑ ወገብ ግማሽ ሴንቲሜትር የማላሳልፍ ሰው ለልጄ ሦስት ሰርቄለት ነበር። አፈርኩ፤ ከዚያ ፍርሃቱ መጣ።

ወጥቼ ባሌን "ኦፍ ጠይቅ" አልኩት።

አልትራሳውንዱ ልጃችን በእርግጥ ትንሽ መሆኗን አሳየ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሲያዩኝ ቆይተው፣ ምጡን አስጀምረው ከቀኗ በፊት አዋለዱኝ። ትንሽ ነበረች፤ ግን ጩኸቷ ክፍሉን ሞላው። ቁመቷን ሊለኩ ሜትር ሲያወጡ ባሌ ሳቀና "አንቺ ለኪያት እንጂ፣ ባለሙያዋ እያለሽ!" አለኝ።

እጆቼን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተትኩ።

"እኔማ አልለካትም" አልኩት። "እጨምርላታለሁ።"