የእህትማማቾች ታፔላ

የወንድሜ ልጅ ሜሮን የሥነ ሕንፃ ተማሪ ናት። ባለፈው እሁድ የካ አባዶ ያለው ቤቴ መጥታ ላፕቶፗን ከፍታ ሥዕሎች አሳየችኝ። አሜሪካ ውስጥ በረሃ መሃል የተሠራችው የቁማር ከተማ፣ የላስ ቬጋስ፣ ሕንፃዎችና ታፔላዎች መዝገብ ነው አለችኝ። የፈረሱ ሆቴሎች ንድፍ፣ በእርሳስ የተሳሉ ግዙፍ ፊደላት፣ ታፔላ ብቻውን የቆመበት አሸዋማ ሜዳ።

«አክስቴ፣ ታፔላ እንኳ ሳይቀራቸው መዝግበዋል እኮ!»

«እኛም መዝግበን ነበር» አልኳት። ሳቀች።

ነገሩ የሆነው በወጣትነቴ ነው፤ ንድፍ ተምሬ በአንድ መሥሪያ ቤት ከተቀጠርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ሲግናል አካባቢ መንገድ ሊሰፋ ስለነበር፣ የሚፈርሱት ቤቶች ከነታፔላቸው እንዲመዘገቡ ታዘዘ። እኔ እየለካሁ እነድፋለሁ፤ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ዝምተኛ ሰው ፎቶግራፍ ያነሳሉ። ጊዜው ነሐሴ ነበር። እንጦጦ ጠዋቱን በጉም ተሸፍኖ ያረፍዳል፤ ከምሳ በኋላ ዝናቡ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በኩል ቁልቁል ይመጣብናል። ወረቀቴን በላስቲክ ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ሸጉጬ እሮጣለሁ። ዛሬ በዚያ በሚኒባስ ሳልፍ የትኛው ቤት የት እንደነበር መለየት ያቅተኛል። ከተማ የሚለወጠው እኛ ለየጉዳያችን ስንጣደፍ ነው መሰለኝ።

ከቤቶቹ አንዱ «እህትማማቾች ምግብ ቤት» ይባል ነበር። ታፔላው ረጅም ላሜራ ነው፤ በሁለት በሮች ላይ ተዘርግቷል። ውስጡን ግን ኮምፔንሳቶ በሚባለው ስስ ጣውላ ለሁለት ከፍለውታል። በቀኝ በኩል ታላቅየዋ አስካለ፣ በግራ ታናሽየዋ በላይነሽ ለየብቻቸው ያበስላሉ፤ ከተነጋገሩ ዓመታት አልፈዋል። ያኔ ሁለቱንም እትዬ ነበር የምላቸው። ዛሬ ካለሁበት ዕድሜ ያንሱ ስለነበር አሁን ያለ «እትዬ» ባወራቸው አይፈረድብኝም። ምን እንዳጣላቸው ሰፈርተኛው ሁሉ የየራሱን ይናገራል። እኔ አልጠየቅሁም።

ችግሩ አስካለ ታፔላውን በሸራ መሸፈኗ ነበር። የሚታየው «እህት» የሚለው ብቻ ነው።

«እትዬ አስካለ፣ ፎቶ እስክናነሳ ሸራውን ቢገልጡልን?»

«አልገልጥም። አንድ ታፔላ፣ አንድ ቤት ብላችሁ ትመዘግቡና አንድ ምትክ ቦታ ይሰጡናል። ከዚያ እንደገና ከእሷ ጋር ልኖር ነው?»

ከኮምፔንሳቶው ወዲያ የበላይነሽ ድምፅ መጣ። «የተጻፈውን መዝግቡ! እኔ አልሰረዝኩት።»

«እሷን ማን ጠየቃት» አለች አስካለ። መልሱን ለእኔ ነው የተናገረችው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አላዞረችም።

በዚያ ቀን በላይነሽ ጋ ምሳ በላን። በማግስቱ አስካለ አኮረፈችን፤ ለታናሽየዋ ያደላን መሰላት። ስለዚህ እሷም ጋ በላን። ሁለቱም ሽሮ ነው ያቀረቡልን፤ በሶብላው በዛ ያለ፣ ቃሪያው በመጨረሻ የገባ። ጋሽ ታደሰ አንድ ጉርሻ ዋጥ አድርገው፣

«ይሄ የትናንቱ ሽሮ ነው» አሉ።

«ምን ማለትዎ ነው? ዛሬ ነው የሠራሁት!»

«ጣዕሙን ማለቴ ነው።»

አስካለ ድንገት ስለ ታፔላው ነገረችን። የጻፈው ልጅ ደንበኛቸው ነበር፤ ለሥራው በምሳ ሊከፍሉት ነው የተስማሙት። ቃሉ ረዝሞበት ፊደላቱን መጨረሻ ላይ ስላጣበባቸው እህትማማቾቹ ከታች ቆመው ሲስቁበት ዋሉ።

«ከገለጥኩት አንድ ናችሁ ይሉናል?» አለችኝ።

«እኔ አላውቅም፣ እትዬ። ያየሁትን ነው የምነድፈው። ግድግዳውንም፣ ሁለቱንም በር ነድፌያለሁ።»

ተነስታ በርጩማ ላይ ወጣች። በአንድ ጎን ያለውን ገመድ ፈታች፤ ሌላኛው ጫፍ ግን በበላይነሽ በር በኩል ባለው ምሰሶ ላይ ነው የታሰረው። እጇ አልደረሰም። ጥቂት ቆየች።

«በላይነሽ!» ብላ ተጣራች። «ገመዱ በአንቺ በኩል ነው!»

በላይነሽ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። ቋጠሮው በዝናብ ስለጠበቀ በጥርሷ ፈታችው። ጋሽ ታደሰ ወዲያው ፎቶ አነሱ። ሁለቱም ከታፔላው ሥር አሉ፤ አንዷ ወደ መንገዱ፣ አንዷ ወደ መሬት ታያለች። ማንም ዘወር በሉ አላላቸውም። ጋሽ ታደሰ ሲጨርሱ እህትማማቾቹ ሸራውን አብረው መልሰው አሰሩትና በየበራቸው ገቡ።

ቤቱ ከመስቀል በኋላ ፈረሰ። ለየብቻቸው፣ በተራራቁ ሰፈሮች ቦታ ተሰጣቸው። የፈለገችው አስካለ ነበረች፤ አገኘችው። አንድ ቀን ጃንጥላዋን ይዛ ቢሮ መጣችና ፎቶግራፉን እንዳሳትምላት ጠየቀችኝ።

«ታፔላውስ የት ደረሰ?» አልኳት።

«እሷ ወሰደችው። ውሰጂው ያልኳት እኔ ነኝ፤ የእኔ ቤት ጠባብ ነው፣ አይሰቀልበትም።» ልትወጣ ስትል መለስ አለች። «ሁለት አድርጊው፣ ልጄ።»

ሁለት አድርጌ ሰጠኋት። ሁለተኛው የት እንደደረሰ አልሰማሁም።

ሜሮን ላፕቶፗን ገፋ አድርጋ ስታዳምጠኝ ቆየች።

«እና ታረቁ?»

«እንጃ» አልኳት። ከእኛ የሚፈለገው ስፋትና ቁመት ነበር፤ እሱን በትክክል ሠርቻለሁ። ከተማም ከዚያ በላይ እንዲመዘገብላት አትጠብቅም ይሆናል። ያቺን ቤት ሳስብ ግን ልኩ አንዱም ትዝ አይለኝም። ትዝ የሚለኝ አንዲት ሴት በርጩማ ላይ ቆማ፣ ለዓመታት ያልጠራችውን ስም ከመጥራቷ በፊት የቆየችበት ቅጽበት ነው።