አፈር የማይገባበት አገር

ወደ ውጭ አገር ልንዛወር ስንል ያቺን አሮጌ መኪናዬን በመርከብ ለመውሰድ ወሰንኩ። አስጫኙ በስልክ አስጠነቀቀኝ፤ ከሥሯ ትንሽ አፈር ወይም አንዲት ፍሬ ዘር ከተገኘ ከወደብ ትመለሳለች። አገሩ ለእርሻው እንዲህ ይሳሳል አሉ።

መኪናዋ ደግሞ ዕድሜዋን የጨረሰችው በደሃና ወረዳ ጭቃ ነው። ውሃ በወረፋ በሚገኝባት ሰቆጣ የቤቱን በርሜል አሟጥጬ፣ ከሥሯ በጀርባዬ ተንጋልዬ ሻሲዋን በቢላና በጥርስ ብሩሽ መፋቅ ያዝኩ። ጎረቤቶቼ ልትድራት ነው ወይ ይሉኛል።

በዚህ መሀል አክስቴ የገብስ በሶ በአቁማዳ ይዘው መጡ። ሰው ያለ ስንቅ እንዴት ይሄዳል ብለው።

"መኪናዋ ውስጥ እህል አይፈቀድም" አልኳቸው። "አፈርም ቢሆን።"

አቁማዳውን ኮፈኑ ላይ አስቀመጡት። "አፈራችን ምን አደረጋቸው?"

"አረም እንዳይገባባቸው ነው።"

ዘወር ብለው አጥሩን አዩ። ፍየል እንኳ የማትቀምሰው ነጭ አበባ ያለው መጤ አረም ከጥግ እስከ ጥግ ወርሶታል።

"ይህንን ከእርዳታ ስንዴው ጋር ሲልኩልን" አሉ፣ "ጥርስ ብሩሽ አልነበራቸውም?"