እርቅ እምቢ ያሉት ሽማግሌ

የያዙኝ ሃያ ሁለት ማዞሪያ ታክሲ ስጠብቅ ነው። ከመስክ እየተመለስኩ ስለነበር ልብሴ አቧራ ለብሷል፣ ቦርሳዬ ውስጥ የሥራ ገመዴ አለ። ሁለት ወጣቶች ግራና ቀኝ ቆሙና አንደኛው በትህትና «አምስት ደቂቃ ላናግርህ ፈልጌ ነበር» አለኝ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። አምስቱ ደቂቃ ወራት ፈጀ።

ያስገቡኝ ግቢ ከቦሌ መድኃኔዓለም ወረድ ብሎ የሚገኝ ነው፤ ከውጭ ለሚያየው የደህና ሀብታም ቪላ ይመስላል። እኛ የታሰርንበት ክፍል የመኪና ጋራዥ ነበር። ብረት በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ነው፤ ቀጥሎ ግድግዳውን ተደግፎ የተደረደረ ሰው ዓይን። መስኮት የለውም። ከበሩ በላይ በተተወች ክፍተት ትንሽ ብርሃን ይገባል። አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፣ ወሬው ይቋረጣል፣ ድምፁ ሲርቅ ሰው ካቆመበት ይቀጥላል።

ሥራዬ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ነው። የሰው ቤት ስገባ የወለሉን ተዳፋት ሳላይ አልቀመጥም፤ ሚስቴ በዚህ ስትስቅብኝ ኖራለች። የጋራዡም ወለል ወደ በሩ ያዘነብል ነበር። እንግዲህ ውሃ የፈሰሰ ዕለት የሚረጥበው በሩ ሥር የተኛ ሰው ነው ብዬ አሰብኩ። ለአዲስ ገቢ የሚሰጠውም ቦታ እሱው ነበር።

የታሰርኩት በደቦ ሰበብ ነው። ከጎሮ ወዲያ፣ ያኔ ገና እርሻ በነበረው አገር፣ ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ የገበሬውን ማሳ እየላጠ ወንዝ ይከተዋል። መድኃኒቱ የሚከብድ አይደለም፤ ከማሳው በላይ ጎርፉን የሚቀለብስ ቦይ፣ ከቦዩ በታች እርከን፣ ውሃው በሰላም ወደ ወንዝ የሚወርድበት መፋሰሻ። ግን አንድ ሰው ብቻውን በማሳው ላይ ቢሠራው ጎርፉን ለጎረቤቱ ከመላክ ያለፈ አይፈይድም። ባለማሳዎቹ ሁሉ አብረው መውጣት አለባቸው። ገበሬ ደግሞ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይወጣም፤ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ደቦ ሲጠሩት ግን እምቢ አይልም። አንድ የመንደሩ ሽማግሌ ጠሩልኝ፤ አገሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

መንግሥት ከተለወጠ ገና ጥቂት ዓመት ነበር። የሦስት ሰው ወሬ በሚያስጠረጥርበት ጊዜ፣ ዶማና አካፋ የያዘ ያን ያህል ገበሬ፣ ያውም አውሮፕላን ማረፊያውን ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ ተሰብስቦ መሬት ሲቆፍር ዋለ። ዛሬ ሳስበው እኔም ብሆን እጠረጥር ነበር።

መርማሪው ገመዴንና ውሃ ልኬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጠበቀኝ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ውሃ ልክ ነው። ቦዩ የሚሄድበትን መስመር እናወጣበታለን።»

«ቦይ ነው ምሽግ?»

«ቦይ ነው።»

«ገበሬውን የጠራው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ የከተማ ሰው ነህ። አንተ ብትጠራ ማን ይመጣል?»

እውነቱን ነበር፤ ያስደነገጠኝም ይኸው ነው። ወደ ኋላ ተደግፎ እንዲህ አለኝ፦ «አንድ ሰው ሞኝ ነው፣ ሞኝ ይፈታል። ሁለት ካገኘሁ ግን ድርጅት ነው። የድርጅት ጉዳይ እዚህ አይታይም።» ከዚያ ግቢ ወደ ሌላ ቦታ ስለተወሰዱ ሰዎች ክፍላችን ውስጥ በሹክሹክታ ይወራል። ተመለሰ የተባለ ሰው አልሰማሁም። የሽማግሌውን ስም አልሰጠሁም። ብሰጥ ሁለታችንም እንደምንሄድ አውቃለሁ፤ በዚያ ዕድሜያቸው ሲሚንቶ ላይ የተኙ እንደሆነ ደግሞ እንደማይነሡ ታየኝ።

አንድ ረፋድ በሩ ተከፈተና ሽማግሌው ራሳቸው ገቡ።

ከመንደሩ በጅምላ ካፈሷቸው ሰዎች ጋር ነው የመጡት፤ ሌሎቹን ሌላ ክፍል አስገቧቸው። መርማሪው የሚፈልገውን ሰው ይዞታል፤ መያዙን ግን ገና አላወቀም። ክፍሉ «ኖር!» ብሎ ተነሣ። እሳቸውም እንደ አገራቸው ወግ ዙሪያውን እየዞሩ ሰዉን በእጅ ይጨብጡ ጀመር። በዚያ የኦሮምኛ ቃና ባለው አማርኛቸው «እንደምን አደራችሁ፣ አምላክ ያስፈታችሁ» ይላሉ። እኔ ጋ ሲደርሱ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው አለፉኝና ከእኔ ቀጥሎ ያለውን ሰው ጨበጡ።

እንደማያውቁኝ መምሰላቸው ነበር፤ ሊያድኑኝ ብለው። ነገር ግን የማያውቁትን ሰው ሁሉ ጨብጦ አንዱን ብቻ መዝለል፣ አውቀዋለሁ ብሎ ከመጮህ አይተናነስም። ዕድሜ ልካቸውን ለሰው ሰላምታ ነፍገው ስለማያውቁ፣ እንዴት እንደሚነፈግ አላወቁበትም።

ካቦው አየ። ካቦ የምንለው ክፍሉን እንዲያዝ የተሾመውን እስረኛ ነው። የሰማውን ለመርማሪው ያደርሳል ተብሎ ይታማል፤ ሐሜቱም ልክ ነበር። ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ «አባባ፣ ይሄን ሰውዬ ዘለሉት እኮ» አለ። «ትተዋወቃላችሁ እንዴ?»

በዚያች ቅጽበት አውሮፕላን ተነሣና ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፤ ለማሰብ የነበረኝ ጊዜ እሱ ብቻ ነው። ጸጥ ሲል ብድግ ብዬ ጮህኩ።

«ምን ብለው ይጨብጡኛል! ጎርፉን የለቀቀብኝ እሱ ነው እያሉ አገር ላገር ስሜን ሲያጠፉ ከርመው!»

በሕይወቴ ሽማግሌ ላይ ጮኼ አላውቅም። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። አልገባቸውም። ሰዉ ሁሉ እሳቸውን ያያል፣ ካቦው መፋቂያውን አቁሟል። ከዚያ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

«ውሸት ነው እንዴ?» አሉ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ጣል አድርገው። «ገመድህን ዘርግተህ፣ ችካልህን ተክለህ፣ ውሃው በዚህ ይሂድ አልክ። በነሐሴ ተጥሶ የት ገባ? ጤፌ ላይ! ቡቃያውን ጠርጎት ሄደ!»

«መፋሰሻውን አርሰውበት ነዋ! ውሃ መውጫ ሲያጣ የት ይግባ?»

«ያባቴን መሬት ለውሃ መንገድ ብዬ ጦም ላሳድር?»

«ክንድ ለማትሞላ መሬት ሰስተው ሙሉውን አስበሉት!»

ይህ ሁሉ እውነት ነበር። ባለፈው ክረምት ቦዩ ተጥሶ ጤፋቸውን በልቶታል፤ እሳቸውም መፋሰሻውን አርሰውታል። እሳቸው በጨዋነት፣ እኔ በሐፍረት፣ አንድም ቀን አንሥተነው አናውቅም። ያም ሆኖ ዘንድሮ ደቦውን የጠሩልኝ እሳቸው ናቸው። ተከድኖ ይብሰል ብለን የተውነው ነገር ጋራዡ ውስጥ ገነፈለ።

«ታዲያ ደቦው ላይ አልነበሩም?» አለ ካቦው።

«የሱ ደቦ ላይ? እኔ?» አሉና ምራቃቸውን እንትፍ አሉ።

ዳንን ብዬ ሳልጨርስ ሌላ ጣጣ መጣ። አብረውን የታሰሩ አንድ የሃያ ሁለት ነጋዴ ነበሩ፤ ሁላችንም ሀጂ ነው የምንላቸው። የክፍሉ አባት እሳቸው ናቸው፤ ምግብ የሚያካፍሉ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ። ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ተዉ እንጂ! እዚህ ጠባብ ቤት ውስጥ ቂም ምን ቦታ አለው?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ ነህ። በሽማግሌ ላይ ጮኸሃል። ድንጋይ ተሸክመህ ይቅርታ ትጠይቃለህ።»

ጋራዥ ውስጥ ድንጋይ ከየት ይምጣ? ውሃ የሞላ ጀሪካን አንሥተው ትከሻዬ ላይ ጫኑብኝ። ሽማግሌው እግር ሥር ጎንበስ አልኩ። ክዳኑ ያፈስ ስለነበር ውሃው በአንገቴ ገብቶ በጀርባዬ ወረደ።

ከመጀመሪያው ይልቅ ያኔ ፈራሁ። ሽማግሌው ገና ለምርመራ አልተጠሩም። አሁን ከታረቅን ካቦው የሚያደርሰው ወሬ «ተቃቅፈው ታረቁ» የሚል ይሆናል፤ መርማሪውም ሁለተኛውን ሰው አገኘ ማለት ነው። ይህን በምን ልንገራቸው? አጎንብሼ የሚታየኝ እግራቸው ብቻ ነው። የላስቲክ ጫማቸው ውስጥ ጣቶቻቸው ይንቀሳቀሳሉ።

በአገራችን ድንጋይ ተሸክሞ የወደቀ ሰው እምቢ አይባልም። ነፍስ ያጠፋ እንኳ እንዲያ ሆኖ ሲመጣ ይማራል። እሳቸው ደግሞ በመንደራቸው አስታራቂ ናቸው፤ ስንቱን ባልና ሚስት፣ ስንቱን የድንበር ጠበኛ ዛፍ ሥር አስቀምጠው አስማምተዋል።

«ይቅር አልልም» አሉ።

ሀጂ በደንብ የሰሙ አልመሰላቸውም። «ወንድሜ፣ ልጁ እኮ ወድቋል።»

«ይውደቅ! እሱ መውደቁ ጤፌን ይመልስልኛል? ሀጂ፣ አንሡት ከፊቴ!»

ድምፃቸው ተሰበረ። ሌላው ሰው በንዴት ነው አለ። ሀጂ ጀሪካኑን ከትከሻዬ አወረዱ። «እንዲህ ያለ ሽበት አይቼ አላውቅም» ብለው ጀርባቸውን ሰጧቸው።

ምሳ ሲመጣ ሽማግሌውን ኑ ብሉ ያላቸው ሰው የለም። ጋቢያቸውን አንጥፈው ግድግዳ ሥር ብቻቸውን ተቀመጡ። እኔን ሀጂ ከሰሃናቸው አጎረሱኝ። አለቀስኩ፤ በሽማግሌው እምቢታ የከፋኝ መስሏቸው ሌላ ጨመሩልኝ።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ተጠሩ። ቆዩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ አንዲት ቃል ብታመልጣቸው እያልኩ በሩ ላይ ዓይኔን ተክዬ ቀረሁ። በሩ ተከፈተና የተጠራሁት እኔ ሆንኩ።

መርማሪው እየሳቀ ነበር። «ሽማግሌው ክፉኛ ጠልቶሃል» አለኝ። «ደቦውን ማን ጠራው ስለው ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹እሱ ወደሚያስቆፍረው ቦይ እንኳን ሰው ውሻዬንም አልክ!› አለኝ።»

ፊቴን አጨማደድኩ። ውስጤ ግን እንደ ሕፃን መዝለል አማረው።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ዘቡ ከኋላዬ ገብቶ «የሽማግሌው ጋቢ!» አለ። ሊፈቷቸው ነው። ጋቢው ግድግዳው ሥር እንደተነጠፈ ነበር። ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ አንዱ እንደውም በእግሩ ገፋ አደረገው። ሄጄ አነሣሁት፣ አቧራውን አራገፍኩ፣ ጥለቱን አስተካክዬ አጠፍኩና በሁለት እጄ ለዘቡ ሰጠሁት።

«ለባላጋራህ?» አለ ካቦው።

«ጋቢው ምን አጠፋ?» አልኩት።

እኔ የተፈታሁት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ወዲያው ወደ ጎሮ ሄድኩ። ሽማግሌው አቅፈው ሳሙኝና እጄን ይዘው ወደ መፋሰሻው ወሰዱኝ። «ያን ዕለት ያልኩህ የውሸት መሰለህ?» አሉ። ዘንድሮም አርሰውታል! ቆመን ተከራከርን። በመጨረሻ እሳቸው ያረሷትን ለውሃው ለቀቁ፣ እኔም የቦዩን ጥግ በድንጋይ ላጠናክር ተስማማሁ። ዝናብ ሳይቀድመን ጨረስነው።

ስንለያይ «ያ ሀጂ እንደተቀየመኝ ቀረ?» ብለው ጠየቁኝ። «ንገርልኝ። ዕድሜዬን ሰው ሳስታርቅ ኖሬ፣ አንድ ሰው እንኳ እንዲያ አድርጎ እንዲያስበኝ አልፈልግም።»

እነግራቸዋለሁ አልኩ። ሀጂን ግን ከእኔ በፊት ከዚያ ግቢ ወስደዋቸው ነበር። ከዓመታት በኋላ ተፈተዋል ሲባል ሰማሁ፤ ሃያ ሁለት ያለው ሱቃቸው ሄጄ ሌላ ሰው አገኘሁ። ጎረቤቶቻቸው አንዱ መርካቶ ናቸው አለኝ፣ አንዱ አገራቸው ገብተዋል አለኝ። አሁን ሱቁ በነበረበት ፎቅ ተሠርቷል። የሽማግሌው ማሳም ቤት ተሠርቶበታል፤ እሳቸውም ከሞቱ ቆይተዋል።

ሀጂ፣ በሕይወት ካሉ ይህ ለእርስዎ ነው። ያን ዕለት ሽማግሌው ይቅር ብለውኝ ቢሆን ኖሮ ሁለታችንም ከዚያ ግቢ ወደማይመለሱበት እንወሰድ ነበር። ጀርባዎን የሰጧቸው ሽማግሌ ለእኔ ሲሉ ነው የጨከኑት። እኔን ባዩ ቁጥር፣ እስኪሞቱ ድረስ፣ ሀጂን አገኘሃቸው ወይ ብለው ይጠይቁኝ ነበር።