ጋሽ ጒሊምና ቀይ ለባሾቹ

ልጅ እያለሁ፣ እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ በመንገዳችን ላይ የሚከበር አንድ ሕግ ነበር፤ ለጋሽ ጒሊም የራግቢውን ውጤት መንገር ክልክል ነው። ሀገራቸው ዌልስ የምትጫወተው በአውሮፓ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እኛ ሜልበርን ውስጥ በተኛንበት ሰዓት ስለሆነ፣ ጎረቤታችን ጨዋታውን በቪዲዮ ካሴት ቀድተው የሚያዩት እሁድ ከምሳ በኋላ ነበር። እስከዚያ ድረስ ሬዲዮ አይከፍቱም፣ ጋዜጣ አይገልጡም፣ ወተት ለመግዛት እንኳ ወደ ሱቅ ብቅ አይሉም። እናቴ ይህን ስታይ፣ «የኛ ጾም የሆድ ነው፤ የጋሽ ጒሊም የጆሮ ነው» ትል ነበር።

ወደ ሴንት አልባንስ ሰፈር የመጣነው ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት ከኮሊንግዉድ የመንግሥት ፎቅ ነው። እዚያ ሳለን ሊፍቱ ውስጥ ሳይቀር አማርኛ ይሰማ ነበር። አዲሱ መንገዳችን ግን ዝም ያለ ነበር። ጠዋት ከቬትናሞቹ ዳቦ ቤት የሚመጣው ትኩስ ሽታ፣ ቅዳሜ የሚታጨደው ሣር፣ ከሩቅ የሚሰማው የባቡር ጩኸት ይታወሰኛል። በመጣን በሳምንቱ አንድ ረጅም ነጭ ሽማግሌ በሳህን ቂጣ መሳይ ነገር ይዘው በራችንን አንኳኩ። በብረት ምጣድ የጋገሯት፣ ዘቢብ ጣል ጣል የተደረገባት፣ ስኳር የተነሰነሰባት ነበረች። ቀኑ ዓርብ ስለነበር እናቴ ቅቤ እንዳለበት ጠይቃ ተረዳችና፣ አመስግና፣ ለልጅቷ፣ ለእኔ፣ ይሁን ብላ ተቀበለች። ከዚያ በኋላ ጋሽ ጒሊም የጾም ቀኖቻችንን ጠይቀው አወቁ፤ ረቡዕና ዓርብ የሚያመጡልን በዘይት የተጋገረውን ነው። ጣዕሙ እንደ ቅቤው አልነበረም። ቢሆንም አንድም ሳናስቀር እንበላው ነበር።

መጀመሪያ ላይ ስማቸው ቢል ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ቢል ነው የሚላቸው። አንድ ቀን አጥር ላይ ተደግፈው ሲያወሩ እናቴ ስሟን ነገረቻቸው። በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ቤላ ይሏት ነበር፤ ጋሽ ጒሊም ግን «ሙሉውን ልማረው» ብለው በ-ላይ-ነሽ፣ በ-ላይ-ነሽ እያሉ ቲማቲማቸውን ሲያጠጡ ዋሉ። በማግስቱ አስተካክለው ጠሯት። ያኔ ነው አባቴ «የእርስዎስ እውነተኛ ስም ቢል ነው?» ያላቸው።

«ጒሊም ነበርኩ» አሉ። «እዚህ ሀገር መጥቼ ባቡር ጥገና ስቀጠር አለቃዬ ይሄ ለአፍ አይመችም አለኝ። ቢል ሆኜ ቀረሁ።»

«ለኛ አፍ ይመቻል። ፊደሉም አለን» አላቸው አባቴ። ታክሲው ውስጥ ከሚይዘው ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጒ ብሎ ጻፈ፤ እኛ ራሳችን ከስንት አንዴ የምንጠቀምባትን ፊደል። ስማቸው በሦስት ፊደል አለቀ። ሽማግሌው ወረቀቷን ብዙ ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በኛ ቤት ጋሽ ጒሊም ሆኑ።

ራግቢን ለቤተሰባችን ያስተዋወቁት እሳቸው ናቸው። በሜልበርን ትምህርት ቤቱም፣ ሥራ ቦታውም፣ ባቡሩም የሚያወራው ፉቲ ስለሚሉት የአውስትራሊያ እግር ኳስ ነው፤ ፉቲ የማይገባው ሰው ክረምቱን በሙሉ ዝም ብሎ ያሳልፋል። እኛም ጋሽ ጒሊምም ከዚያ ወሬ ውጭ ነበርን። ስለዚህ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ የቀለምና የሻይ ሽታ በሚሸተው ሳሎናቸው ተሰብስበን ቀይ የለበሱትን እናያለን። አባቴ አዲስ አበባ ስታዲየም የኳስ ፍቅር የለከፈው ሰው ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ተገርሞ ነበር። «ኳሱ ክብ አይደለም፣ ደግሞ ወደ ኋላ እየተቀባበሉ ወደ ፊት ካልሄድን ይላሉ» አለ። እናቴ በበኩሏ ተጫዋቾቹ ትከሻ ለትከሻ ተቆላልፈው ሲያጎነብሱ ባየች ቁጥር «ምን ጠፍቶባቸው ነው?» ትል ነበር።

ጋሽ ጒሊም ራግቢ ከእግር ኳስ ይበልጣል በሚለው ሐሳባቸው የጸኑ ነበሩ። እግር ኳስ ተጫዋች ንፋስ ሲነካው ይወድቃል፣ የኛ ልጅ ግን አፍንጫው ተሰብሮም ደህና ነኝ ይላል ይላሉ። ከሁሉ በላይ የሚኮሩት ግን ያ በሬ የሚያህል ተጫዋች ትንሹን ዳኛ «ጌታዬ» ብሎ ሲያነጋግር ነው። አባቴ ይሄኛውን ወደደላቸው። «ጨዋታው ይቆየኝና ጨዋነታቸው ደስ ይላል» አለ። ውሎ አድሮ ግን ጨዋታውም ገባው።

ስለ ሀገራቸው ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር። ዝናብ የማይለያት፣ ሕዝቧ ቢሰበሰብ ሜልበርንን የማይሞላ፣ ከትልቅ ጎረቤት አጠገብ የተቀመጠች ሀገር ናት ይሉናል። የራሷ ቋንቋ አላት። አያታቸው ትምህርት ቤት ውስጥ በዌልስኛ ሲያወሩ ተይዘው እንደተገረፉ ነገሩን። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ሴንት አልባንስ ውስጥ በዚያ ቋንቋ የሚያናግሩት ሰው አልነበራቸውም። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ ከቲማቲሞቻቸው ጋር ሲያወሩ እሰማ ነበር።

እናቴ ሀገር ቤት መምህርት ነበረች። ቅዳሜ ጠዋት፣ በመንገዳችን ጫፍ ባለው የካውንስሉ፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ አሮጌ አዳራሽ፣ የሐበሻ ልጆችን ሰብስባ ፊደል ታስተምር ነበር። አዳራሹ ጣሪያው ያፈሳል፣ ወለሉ ይንቋቋል፤ ለኛ ግን ዓለማችን ነበር። ሀ ሁ ብለን ስንጨርስ ከጀርባው ባለው ሣር ላይ ወጥተን እስክንጠራ እንራገጣለን። ታዲያ አንድ ቀን በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ካውንስሉ አዳራሹን አፍርሶ መሬቱን ሊሸጥ አስቧል፣ አስተያየት ያለው ስብሰባ ላይ ይምጣ ይላል።

ጋሽ ጒሊም ከካውንስሉ ስብሰባ የማይቀሩ ሰው ነበሩ። የሻይ ፔርሙዛቸውን ይዘው ሄደው፣ ብዙ ጊዜ ብቻቸውን፣ ከኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ስለ ፖለቲካ ያላቸው እምነት ቀላል ነበር። «ጠቅላይ ሚኒስትሩን የምታዩት በቴሌቪዥን ነው። የካውንስሉን ሰው ግን ዳቦ ሲገዛ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ እዚያው ዳቦ ቤት ጠይቁት» ይሉ ነበር። ማስታወቂያው በወጣ ቀን ማታ እኛ ቤት መጥተው እናቴ ስብሰባው ላይ እንድትናገር ጠየቋት።

አባቴ ፊቱ ተለወጠ። ሀገር ቤት ታላቅ ወንድሙ ቀበሌ ለስብሰባ ተጠርቶ ሄዶ እንደወጣ ነው የቀረው፤ ይህን የማውቀው ከእናቴ እንጂ እሱ አንስቶት አያውቅም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አለና እንድተረጉምላቸው በዓይኑ ጠቀሰኝ። እንደሆነልኝ ተረጎምኩ።

«ጥሩ አባባል ነው» አሉ ጋሽ ጒሊም። «ግን አዳራሹን የሚሸጠው ንጉሥ አይደለም፤ የካውንስል ሰው ነው። እኔ ብናገር ደግሞ ያው ሽማግሌው መጣ ብለው ሻያቸውን ይጠጣሉ። ልጆቹን የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎት፣ ወይዘሮ በላይነሽ።»

በስብሰባው ቀን እናቴ ከሺፍት ስትወጣ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር በቀጥታ ሄደች። እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ ጋሽ ጒሊም ከኋላችን። አባቴ መኪና ውስጥ እጠብቃለሁ ብሎ ነበር፤ ዞር ስል ግን መውጫው በር አጠገብ ቆሟል፣ የመኪናውን ቁልፍ በእጁ ይዞ።

ስሟ ሲጠራ ተነሥታ ማይክሮፎኑ ጋ ሄደች። ለቀናት ያጠናችውን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ተናገረች። ድምፅዋ ከግድግዳው ተመልሶ ሲመጣባት ግን ደነገጠች፤ ቃሉ ጠፋባት። ስብሰባውን የሚመሩት ሴትዮ በደግነት፣ «ችግር የለም፣ ጽፈው ቢያስገቡልን እናነበዋለን» አሏትና ወደሚቀጥለው ሊያልፉ ሆነ። እናቴ ወደ እኔ ዞር አለች። እኔ ያን ጊዜ ከወንበሬ መነሣት አቃተኝ።

ከኋላችን ጋሽ ጒሊም ተነሡ። ተራቸው አልነበረም። አንገታቸውን ቀና አድርገው ረጅም ነገር ተናገሩ፤ አንድም ቃል አልገባኝም። ከቲማቲሞቹ ጋር የሚያወሩበት ቋንቋ መሆኑን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ሰዎቹ ተያዩ። ሴትዮዋ ፈገግ ብለው «ቢል፣ በእንግሊዝኛ ንገረን እንጂ፤ ማናችንም አልገባንም» አሏቸው።

«አዎ፣ አይገባችሁም» አሉ ጋሽ ጒሊም። «እኚህ ሴት ግን በናንተ ቋንቋ ሊያናግሯችሁ ነው የመጡት። ትንሽ ብትጠብቋቸው ምናለ?» ብለው ተቀመጡ።

ሴትዮዋ ቀላ ብለው፣ «ይቀጥሉ፣ እንጠብቃለን» አሏት። እናቴ የያዘችውን ወረቀት አጣጥፋ ኪሷ ከተተች። እንግሊዝኛዋ ስብርብር ያለ ነበር፤ ያለችው ግን ይህ ነው፦ «ልጄን ቤቴ ውስጥ ቋንቋዬን ላስተምራት እችላለሁ። ግን ቤት ውስጥ ያለነው እኔና አባቷ ነን። ከእናትና ከአባት ጋር ብቻ የሚነገር ቋንቋ ከእናትና ከአባት ጋር ይቀበራል። አዳራሹ ውስጥ ግን ከጓደኞቿ ጋር ትጣላበታለች፣ ትስቅበታለች። እኔ ሌላ ነገር አልጠየቅኩም። ልጄ በቋንቋዋ የምትጣላበት ቦታ ተዉልኝ።»

መጀመሪያ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ቆመ። ዞር ስል ጋሽ ጒሊም መነጽራቸውን አውልቀው አንገታቸው ላይ ባደረጉት ቀይ የዌልስ ሻርብ ጫፍ እየወለወሉ ነበር፤ ወልውለው ጨርሰውም አላጠለቁትም። አባቴ ከበሩ አጠገብ የለም። መጥቶ ጎናቸው ተቀምጦ ነበር።

ውሳኔው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፤ ከዚያም ደግሞ ተላለፈ። በመጨረሻ አዳራሹ ተረፈ፣ የምንራገጥበት ሣር ግን ተሽጦ ቤት ተሠራበት። እኔ ለሣሩ አለቀስኩ። ጋሽ ጒሊም ግን «አቻ ወጣን፤ ከሜዳችን ውጭ አቻ መውጣት መጥፎ አይደለም» አሉ። በዚያ ሰሞን እሁድ ዌልስ ክፉኛ ተሸነፈች። ጨዋታ ሲያይ ድምፁን ከፍ የማያደርገው አባቴ ብድግ ብሎ ዳኛውን በአማርኛ ሲከራከር፣ ጋሽ ጒሊም ምን እንዳለ ሳይጠይቁ «ልክ ነህ፣ ልክ ነህ» ይሉት ነበር።

ያረፉት እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው። ከቀብሩ በኋላ ሰው የተሰበሰበው በዚያው አሮጌ አዳራሽ ነበር። ልጃቸው ከፐርዝ መጥታ፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው የለበሱትን ሐበሾች ስታይ «አባቴ ይህን ሁሉ ሰው ከየት ነው የሚያውቀው?» ብላ ጠየቀችኝ። እናቴ እንደ ሀገሯ ወግ፣ ስማቸውን እየጠራች ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ቢል አላለችም። ልጃቸው ያን ስም ጮክ ተብሎ ሲጠራ ከሰማች ብዙ ዓመት እንደሆናት ነገረችኝና አብራት አለቀሰች።

አሁን የምኖረው ፖይንት ኩክ በሚባል የሜልበርን ዳርቻ ሰፈር ነው። ቤቶቹ አዲስ ናቸው፣ ጣሪያቸው አያፈስም። ማታ የጋራዡ በር በሪሞት ይከፈታል፣ መኪናው ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፤ ከጎኔ ያሉትን ሰዎች ስም ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ካውንስሉ ላይ ቅሬታ ያለው ሰው በስልኩ አፕ ሞልቶ ይልካል፤ መልሱም በስልክ ይመጣል፤ ማንም ማንንም ዳቦ ቤት አይጠይቅም። የጨዋታ ውጤትም ተደብቆ አያድርም። ገና ዓይናችንን ሳንገልጥ ስልካችን ይነግረናል። ክፉ ዘመን ነው አልልም፤ ብዙ ነገር ቀሎልናል። ግን የአንድን ሽማግሌ ደስታ ላለማበላሸት መንገዱ በሙሉ አፉን የሚይዝበት ጊዜ ነበር፤ እሱ ይናፍቀኛል።

አባቴ ጡረታ ወጥቶ እሁድ እሁድ እኛ ጋ ይውላል። ዌልስ ሰሞኑን መሸነፍ አብዝታለች፤ እሱ ግን አንድም ጨዋታ አያመልጠውም። ባለፈው ልጄ አጠገቡ ተቀምጦ ሲያይ ቆየና፣ እንደ ልማዱ በእንግሊዝኛ፣ ሁልጊዜ የሚሸነፍ ቡድን ለምን እንደሚደግፍ ጠየቀው። እኛ ከዌልስ አይደለንም፣ ዘመድም የለንም አለው።

አባቴ ዓይኑን ከቀዮቹ ላይ ሳያነሣ በአማርኛ መለሰለት።

«ጎረቤታችን ናታ» አለው።