የአባስ ሞተር የፊት ሹካ

ገንዳ ውሃ ከተማ ባለ ጋራዥ ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ኡስታ ይርጋ የአንድ ሞተር ሳይክል የፊት ሹካ ሁለት እግሮች ሰጥተው ዘይታቸውን ደፍቼ በናፍጣ እንዳጥባቸው አዘዙኝ። እኔ ግን ከመድኃኒት ቤት ስሪንጅ ገዝቼ መጣሁና የወጣውን ዘይት እየመጠጥኩ ለካሁት።

"ምን እያደረግህ ነው?" አሉኝ።

"የግራው እግር ከቀኙ በአርባ ሲሲ ያንሳል።"

ትንሽ አዩኝና ወደ ብየዳው ክፍል ዞረው "አስማረ! ፋርማሲስት ተቀጥሮልናል!" ብለው ተጣሩ። አስማረ የጋራዡ በያጅ ነው። ከጎጃም ለአረም ሥራ መጥቶ፣ ብየዳ ተምሮ በዚያው ቀረ። ስሙን ያወጡልኝ ኡስታ ናቸው፤ ከተማውን ያዳረሰው ግን እሱ ነው።

ኡስታ የምንለው በሙያው የበቃውን ሰው ነው፤ አጠራሩ ከሱዳን የመጣ ነው። በጋራዡ ከሳቸው ቀጥሎ አስማረ፣ ከሱ በታች የጎማና የፍሬን ሠራተኛ፣ ከሁሉም በታች ዕቃ አጣቢ ነበር። ከአጣቢነት ጎማ ወደ መለጠፍ፣ ከዚያም ፍሬን ወደ መሥራት ለመድረስ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። የሙያ ትምህርት ቤት አልገባሁም። የተማርኩት በስልኬ ቪዲዮ እያየሁና የተጣለ ሹካ እየፈታሁ ነው።

አንድ ክረምት መግቢያ ላይ አባስ መጣ። አባስ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ሳሙናና ባትሪ ድንጋይ ጭኖ በየእርሻው ካምፕ እየዞረ ለአረም ሠራተኞች የሚሸጥ ነጋዴ ነው። የዋልካው ጭቃ በፊት ጎማውና ጭቃ በሚከላከለው ፓራፋንጎ መካከል እየተጠቀጠቀ ጎማውን ቀጥ ያደርግበታል።

"ወላሂ፣ ከምነዳው የምገፋው ይበዛል" አለ። "ትራክተር ያላቸው ቀድመውኝ ገብተው ይሸጣሉ። የዘንድሮው አረም ካመለጠኝ ሱቄን ዘግቼ እኔም አራሚ መሆኔ ነው።"

"ፓራፋንጎውን ንቀልና ጣለዋ!" አለው አስማረ።

"ነቅዬ አይቼዋለሁ። ጭቃው ሁሉ ፊቴ ላይ ሆነ። ካምፕ ስደርስ የሚያውቀኝ ጠፋ።"

ረጅም ሹካ ብንገጥምለት ፓራፋንጎውን ከፍ ማድረግ እንደሚቻል ነገርኳቸው። ኡስታ ቁልፋቸውን አስቀመጡ።

"ሹካ ላይ ብየዳ እንደማልፈቅድ ታውቃለህ።"

"አልበይድም። ከትልቅ ሞተር የወረደ ሙሉ ሹካ ፈልጌ ነው የምገጥመው።"

"ግጠም። ሰውየው ከወደቀ ግን ጎማ ወደ መለጠፍህ ትመለሳለህ። ሹካ የሚባል ነገር በእጅህ አትነካም።"

ሹካውን መተማ ዮሐንስ ከተማ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ አገኘሁት። ከአባስ ሹካ በዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ እግሮቹም ይወፍራሉ። ስለዚህ ሁለቱን እግሮች ጨብጠው ከመሪው ጋር የሚያገናኙትን የላይና የታች መያዣዎች ቶርኖ ቤት አዲስ አሠራሁ። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል አራት ጣት ክፍተት ተውኩ።

ሹካ ሲረዝም የሞተሩ ፊት ይነሣና የመሪው ዘንግ ወደ ኋላ ይጋደማል። ይህን የምለካው በክርና በግንበኛ ቱንቢ ነው። ክሩን በዘንጉ መስመር ወጥሬ መሬት የሚነካበት ላይ በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ፤ ቱንቢውን ደግሞ ከጎማው መሀል አወርዳለሁ። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት እኔ ጭራ እለዋለሁ። ጭራው ካጠረ ሞተሩ ሲፈጥን ይርገበገባል። ከረዘመ ደግሞ ቀስ ሲባል መሪው ይከብዳል፤ ትንሽ ካጠፉት በራሱ ክብደት ወደ ጎን ይወድቃል።

የአባስ ሞተር ጭራው ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ነበር። ሥራው ሲያልቅ አሥራ ሁለት ተኩል ሆነ። በዛ ያለ ነው፤ ግን ይነዳል። በአስፋልቱ ወደ መተማ ዮሐንስ አቅጣጫ ወስጄ ሞከርኩት፤ ውልፍት ሳይል ሄደ። አባስ መርቆን ወሰደው።

በሦስተኛው ቀን ሞተሩን እየገፋ በበሩ ገባ። ሱሪው እስከ ወገቡ ጭቃ ነው።

"ቀጥ ብዬ ስሄድ በቅሎ ነው፤ ስታጠፍ ግመል!" አለ። "ካምፑ በር ላይ ቀስ ብዬ ልታጠፍ ስል መሪው ከእጄ አምልጦ ተጋደመ። ስኳሩ ከነከረጢቱ ኩሬ ገባ።"

"ሠራተኞቹ አላገዙህም?" አለው አስማረ።

"ከወሎ የመጡት 'ሻይ ቅጠሉንም ጨምርበትና በጣሳ እንቅዳ' አሉኝ።"

አስማረ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ኡስታ አልሳቁም። "ፋርማሲስት፣ ለካ" አሉኝ። የተረፈውን ጭነት አወረድኩ።

ለካሁ። አሥራ ሁለት ተኩል። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው።

"ልኩ ትክክል ነው" አልኩ።

"ሰውየውም በትክክል ወድቋል" አሉ።

እዚያው ክሩ ሥር ቁጢጥ ብዬ ቀረሁ። አባስ ተስፋ ቆርጦ፣ ሌላ ሞተር ሊዋስ ለመሄድ የተረፈውን ዕቃ መልሶ ኮርቻው ላይ ያስር ጀመር። ከረጢቶቹ ሲያርፉበት የሞተሩ ኋላ ዝቅ አለ፤ የተወጠረው ክርም የጠመኔውን ምልክት ለቆ ወደ ፊት ሄደ።

"ጋሽ አባስ፣ አይፍቱት! ይውጡና ይቀመጡበት።"

ወጥቶ ተቀመጠ። ጭራው አሥራ አራት ሆነ።

"ያለ ጭነት የሚነዱት መቼ መቼ ነው?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ያለ ጭነት? ምን ልሠራ ብዬ?"

ለኡስታ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ነገርኳቸው፦ ባዶውን ለክቼ፣ ባዶውን በአስፋልት ሞክሬ ነው የሰጠሁት። ጢማቸውን እያሻሹ ክሩን አዩት። "እንግዲያ ጥፋትህን ራስህ አርም" አሉኝ።

መያዣዎቹን እንደገና አሠራሁ፤ በዚህኛው እግሮቹን በሁለት ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት የሚያወጡ። ኋላውም እንዳይሰምጥ ሞላዎቹን በጠንካራ ለወጥኩ። የፊት ፍሬኑ ሽቦ ስላጠረ ረጅም ገጠምኩ። አባስ ከነጭነቱ ተቀምጦበት ለካሁ፦ አሥር ተኩል።

በማግስቱ ኡስታ ሁለት ከረጢት አሸዋ አስጫኑና ከአንድ ሰሊጥ መጋዘን ጀርባ ወዳለው ጭቃ ወሰዱት። በርሜሎች አስቀምጠው በመካከላቸው በእግረኛ ፍጥነት እየተጠማዘዙ ነዱ። እኔ እግራቸውን ነበር የማየው። አንዴም መሬት አልነካም።

ወርደው ቁልፉን ለአባስ ሰጡትና ወደ አስማረ ዞሩ። "ከእንግዲህ ሹካ የመጣ እንደሆነ እኔን አትጥራኝ። ፋርማሲስቱን ጥራ።"

አባስ በሳምንቱ ባዶ ከረጢቶቹን አጣጥፎ ሊያሳየን መጣ። ጭቃ የያዘው አንድ ትራክተር አጠገብ ሲያልፍ ለሹፌሩ ሳሙና ሸጦለት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሹካ ሊያሠራ የሚመጣ ሁሉ በየቀኑ የሚጭነውን ጭኖ እንዲመጣ እነግረዋለሁ። ክር የምወጥረው ባለቤቱ ከተቀመጠበት በኋላ ነው።