እናቴ ስም ስትሞክር

እህቴን ያገባት ሁሴን ከወሎ ተመድቦ ሶዶ የመጣ ነርስ ነው። ወንድ ልጅ ሲወለድላቸው የሱ ቤተሰቦች የዓረብኛ ስም ይሁን አሉ። እሱ ግን እናቴ ሳትስማማ አላወጣም ብሎ ሦስት ስሞች ጻፈና በሞተሬ እሷ ወዳለችበት ወደ ቦምቤ ወሰድኩት። እናቴ ከቸርች ቀርታ አታውቅም። «እምቢ ብትልስ?» እያለ ከኋላዬ ሆኖ መንገዱን ሁሉ ጨቀጨቀኝ።

ስሞቹን ሳነብላት ትርጉማቸውን እንኳን አልጠየቀችም። «ስም ተጠርቶ ነው የሚታወቅ» ብላ ጓሮ፣ እንሰቱ መሃል ገባች። ድምፅዋ የመናኸሪያ ረዳት ያስንቃል።

«አብዱረህማን!» ብላ ተጣራች። «ይሄ ተጠርቶ እስኪያልቅ የልጁ ምሳ ይቀዘቅዛል» አለች። «ሙዓዝ» ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። «አንዋር!» ስትል ግን ድምፅዋ ሸለቆውን ተሻግሮ ሄደ።

ከማዶ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ብቅ አሉና «አንዋር ደግሞ ማነው? የማን ልጅ ነው?» ብለው ጮኹ። ሁሴን ይህን ለመረዳት የሚበቃ ወላይትኛ ያውቃል። አንገቱን ደፋ።

እናቴ ወደ እኛ ዞር እንኳን አላለችም።

«የኔ ነው» አለቻቸው።