ቀይ ከፋይ የለበሰው እንስሳ

ከፍላቂት እስከ ላሊበላ ሌባን በአቀማመጡ የሚለይ ሰው ቢፈለግ ከእኔ ሌላ አይገኝም። ዓይኔ ድንጋይ ይበሳል። በእርግጥ በዚያው ሳምንት እንግዶች ይዤ ከአንዱ ውቅር ቤተ ክርስቲያን ስወጣ፣ በር ላይ ያወለቅሁት ጫማ ከነካልሲው ተሰርቆ በእንግዳዬ ነጠላ ጫማ ነበር ቤቴ የገባሁት። እሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዓይኔ ውስጥ ነበር፣ ጫማው ውጭ።

ፍላቂት ገበያ ወርጄ አዲስ ጫማ ገዝቼ በሚኒባስ ስመለስ አንዲት ወጣት ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። ጭኗ ላይ ጠፍጣፋ፣ አራት ማዕዘን፣ በቀይ ከፋይ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ሾፌሩ ከላይ ልጫንልሽ ቢላት፣ ከእጄ አይወጣም አለችው።

አስጎብኚ ነኝ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሳይ መጠርጠር ሥራዬ ነው። በእኛ አገር ቀይ ከፋይ የሚለብስ ጠፍጣፋ ነገር ደግሞ ታቦት ነው። ታቦት በሴት ጭን ላይ ከፍላቂት አይሳፈርም።

“እህቴ፣ ምንድን ነው የያዝሽው?”

“የእንስሳ ቅርጽ ነው ጋሼ። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፣ ላሊበላ ተመድቤ ነው። ነገ ክፍል ይዤው እገባለሁ።”

“የምን እንስሳ?”

“የባሕር። ከጥንት የጠፋ።”

“ማን አየው?”

“ማንም። ያኔ ሰው አልነበረም።”

“አጥንቱ ተገኝቶ ነዋ።”

“አጥንት የለውም። ገላው ለስላሳ ነበር። አሸዋ ላይ ተኝቶ የተወው ምልክት ነው ድንጋይ ሆኖ የቀረው። ይኼ በጀሶ የተሠራ ግልባጩ ነው።”

“አፉስ?”

“እስካሁን አልተገኘለትም።”

እኔ ለእንግዳ ታሪክ ሳሳምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ውሸት እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ። ደህና ውሸታም ለእንስሳው ቢያንስ አፍ አይነፍገውም። ይቺ ለመዋሸት እንኳ አልደከመችም።

ፊት ወንበር ወደተቀመጡት ሽማግሌ ቄስ ጎንበስ አልኩ። “አባ፣ ዞር ብለው አይዩ። ኋላ ታቦት አለ።”

አባ አማተቡ። ሾፌሩ አባን አይቶ አማተበ፣ ፍሬንም ያዘ። ሁላችንም ወረድን።

“ካላመናችሁኝ ልክፈተው” አለች። እጇ ወደ ከፋዩ ሲሄድ ፊታችንን ወደ ገደሉ አዞርን።

“እንዳትከፍቺው” አለ ሾፌሩ፣ ለገደሉ።

“ታዲያ እንዴት ነው የምታምኑኝ?”

ታቦት ከሆነ ማየት አንችልም፤ ካላየን ደግሞ ታቦት አለመሆኑን አናውቅም።

“አባ፣ አንቱ ይዩት” አልኩ።

“በሶ ጠጥቻለሁ። አፌን ሽሬ አልነካም” አሉ። “ከላይ ያለችው ደብር ዛሬ በዓሏ ነው፤ ያልቀመሱ ቄሶች አሉ። እነሱ ይዩት። ከሆነ ልጅቷ ወደ ፖሊስ ትሄዳለች። ካልሆነስ?” ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ጫማዬን ማየት ጀመርኩ።

“ከተሰበረ ሌላ የለኝም” አለች አስተማሪዋ። “ደግሞስ በታቦት ሌባነት ስሜ ከተነሣ፣ ነገ ማን ከእኔ ይማራል?”

ማንም ሊነካው ስላልደፈረ ተጠርጣሪዋ ራሷ ተሸከመችው። በእጅ አንጠልጥሎ መሄድ ነውር ነው ብለን አናቷ ላይ አስደረግናት። አባ ጃንጥላቸውን ዘረጉላት። እኛ ጫማ አውልቀን ተከተልን፤ እኔ አዲሱን እንደ ሕፃን አቅፌው። ገብስ የሚያርሙ ሴቶች ጃንጥላውን ሲያዩ እልልታውን አቀለጡት። አንድ ገበሬ ያለበት ተንበረከከ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ የላስታ ሕዝብ ግማሹ፣ የዋድላም ትንሽ፣ ከኋላችን ነበር። እሷ በላብ ተጠምቃ “እንስሳ ነው እኮ” ትላለች፤ እልልታው ይውጠዋል።

እዚያ ላይ ጥርጣሬዬ ወደ ራሴ ዞረ። እውነት ታቦት ቢሆንስ? ጭኔ ጭኗን ሲነካ፣ ጣቴን ስቀስርበት ነው የመጣሁት። መሬት ላይ ተደፍቼ፣ ሕዝቡ እየሰማ ተሳልኩ። “ማረኝ። ባለወርቅ ዘርፍ ጃንጥላ አገባልሃለሁ።”

በደጀ ሰላሙ የደብሩ አለቃ ተቀብለውት ገቡ። ቆዩ። እኔ መቆየታቸውንም ጠረጠርኩ። አስተማሪዋ በሩ ላይ ዓይኗን ተክላ ጥፍሯን ትበላለች።

አለቃ ሲወጡ ከፋዩ ክንዳቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጀሶው በባዶ እጃቸው ነው። መሐሉን አንድ መስመር የከፈለው፣ ግራና ቀኙ እንደ እርሻ ትልም የተሰመረ ሞላላ ነገር።

“ቅጠል ነው ልጄ?”

“እንስሳ ነው አባ።”

“አፉስ?”

“አልተገኘለትም።”

አለቃ ወደ ብርሃን አዙረው መረመሩት። “እውነቷን ነው፣ የለውም” አሉ ለሕዝቡ። ቀስ አድርገው መለሱላት። አልተሰነጠቀም። ደረቷ ላይ አስጠግታው ቁጭ አለች።

አባ ጃንጥላቸውን እያጠፉ ነበር።

“ያንተስ ስለት?” አሉኝ።

የሰማው ሰው ብዙ ስለሆነ ልክደው አልችልም። አፍ ለሌለው፣ አጥንት ለሌለው የባሕር እንስሳ ባለወርቅ ዘርፍ ጃንጥላ ተስያለሁ።